ሌንሱ ሽንዲ መቼ ይደርሳል?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ቴሌስኮፑንና የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበትን መሣሪያ አስጭኖ ሰከላ ደረሰ። ግሽ ዓባይ ምንጭ ራስ ላይ ቆሞ ያየውንና የለካውን ጻፈ፤ ኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። እንግዲህ ሌንስ ምዕራብ ጎጃምን ከረገጠ ከ250 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ያ ሌንስ የመጣው ምንጩን ለማየት ነበር፤ ከምንጩ የሚጠጣውን ሰው ዓይን የማየት ጉዳይ አልነበረውም። በብሩስ አልፈርድበትም፤ የመጣበትን ፈጽሞ ሄዷል። የምጠይቀው እኛን ነው። ሌንስ ለዓይን ሕክምና ሲባል ወደዚያ አገር ለመድረስ ስንት መቶ ዓመት ያስፈልገዋል?

ሽንዲ የወንበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ቡሬ ላይ ከአውራ ጎዳናው ተገንጥሎ ይደርስባታል። ወንበርማ በቆሎ፣ ስንዴና በርበሬ የሚያመርት፣ ከራሱ አልፎ ሌላውን የሚቀልብ አገር ነው። የከተማው ሰው ወጡን በበርበሬው ያቀላል፤ በርበሬውን የለቀመው ገበሬ ዓይኑ ሲደክም ግን ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። ሽንዲን ስም ጠርቼ አነሣሁ እንጂ ነገሩ የቋሪትም፣ የደጋ ዳሞትም፣ የሰከላም፣ ከዚያም አልፎ የአብዛኛው የአገራችን ገጠር ነው።

በመጀመሪያ የምናውቀውን እንቁጠር። በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005–2006) በመላው አገሪቱ የተካሄደው የዓይነ ስውርነት ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ የማየት አቅማቸው የደከመ መሆኑን አሳየ። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ ነው። በትራኮማ ምክንያት የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶውን፣ በመነጽር ሊስተካከል የሚችል የዕይታ ጉድለት ደግሞ 7.8 በመቶውን ይዟል። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ቆም ብለህ አስባት። ከመቶ ዓይነ ስውራን ስምንት የሚጠጉቱ የታወሩት መነጽር አጥተው ነው! በአጠቃላይም ከዓይነ ስውርነቱ 87.4 በመቶ የሚሆነው ሊከላከሉት ወይም ሊያክሙት የሚቻል ነበር። ይህ ጥናት ከወጣ ወዲህ ብዙ ክረምት አልፏል፤ በብዙ ቦታዎችም ብዙ መልካም ሥራ ተሠርቷል። ሆኖም ጥናቱ ያነሣው ጥያቄ አላረጀም። ለአብዛኛው ዓይነ ስውርነት መድኃኒቱ እየታወቀ መድኃኒቱና በሽተኛው ያልተገናኙት ለምንድን ነው?

የተለመደው መልስ «ቴክኖሎጂው ከአቅማችን በላይ ነው» የሚል ነው። ይህን መልስ እስቲ እንመርምረው። ሐኪም የዓይንን ውስጥ የሚያይበትን ኦፍታልሞስኮፕ ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ ያን ጊዜ አፄ ቴዎድሮስ ገና ደጃች ካሣ ነበሩ። በየግድግዳው የሚሰቀለው የፊደል ሰሌዳ የተዘጋጀው በ1862 ነው። ሐኪሙ ብርሃን ወደ ብሌን አብርቶ፣ ነጸብራቁ ሲወዛወዝ አይቶ የመነጽሩን ቁጥር የሚያገኝበት ሬቲኖስኮፕም የዚያው ዘመን ሥራ ነው፤ በሽተኛው ፊደል እንዲያውቅ አይጠይቅም፤ መናገር እንዲችል እንኳ አይጠይቅም። የዓይን ግፊት መለኪያው፣ ያውም ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራው የሽዮትዝ ቶኖሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ተሠራ። በቀጭን የብርሃን ስንጥቅ ዓይንን እንደ ሽንኩርት በየንብርብሩ የሚያሳየው ስሊት ላምፕ ደግሞ በ1911 በስዊድናዊው ጉልስትራንድ እጅ ተወለደ። ከእነዚህ ሁሉ ታናሹ ሌዘር ነው፤ እርሱም ከተፈለሰፈበት ከ1960 ወዲህ ዕድሜው ስድሳን አልፏል። ታዲያ «አዲስ ቴክኖሎጂ» የምንለው የትኛውን ነው? አያቶቻችን ሳይወለዱ የተሠራ መሣሪያ ለልጅ ልጆቻቸው አልደርስ ካለ፣ ችግሩን በመሣሪያው ማመካኘት አይገባም።

እንዲያውም መሣሪያ ገጠር ሊደርስ እንደሚችል ራሱ ጎጃም ምስክር ነው። ትራኮማን እንውሰድ። በዚያው በ1998ቱ ጥናት በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ይህ ነበር። የዓይን ቆባቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍታቸው ብሌናቸውን የሚፍቅባቸው እናቶች ከወረንጦ ጋር ይኖሩ እንደነበር ጎጃምን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ይህን በሽታ ለመዋጋት ያስፈለገው መሣሪያ ምን ነበር? ሁለት ጊዜ ተኩል የሚያጎላ ሉፕ፣ የእጅ ባትሪ፣ የቀዶ ሕክምና ዕቃ የያዘ ሣጥን፣ ለጅምላ የሚታደል አዚትሮማይሲን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጤና ጣቢያው የሚኖር፣ ቆቡን አስተካክሎ እንዲሰፋ የሠለጠነ ነርስ። ሥራው ከሐኪም እጅ ወርዶ ነርስ እጅ ገባ፤ ከሆስፒታል ወርዶ ጤና ጣቢያ ገባ፤ ያን ጊዜ መንደሩ ደረሰ። ትራኮማ ዛሬም ከክልሉ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሕክምናው ሰውን ፍለጋ ወረደ እንጂ ሰው ሕክምናውን ፍለጋ አልተሰደደም።

ደግሞም የዚህ ሳይንስ አንዱ ክፍል የተገኘው በእኛው ሰው ዓይን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በምዕራብ ጎጃም ጥቂት ሽፋሽፍት ብቻ የተቀለበሰባቸው 1300 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ለግማሾቹ ደግሞ ጥሩ ወረንጦ ተሰጥቶ፣ ዓይኑ የሚያይ የቅርብ ሰው በአግባቡ እንዲነቅልላቸው ተማረ። ሽፋሽፍቱ ተመልሶ በመብቀል በኩል ቀዶ ሕክምናው በለጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በዕይታቸውና በኮርኒያቸው ላይ ግን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እናቶቻችን በአንገታቸው ያንጠለጠሉት ወረንጦ በዓለም የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ ማለት ነው። በ2014 በተጀመረ ሌላ ጥናት ደግሞ 1000 የክልሉ ሰዎች ተሳትፈው፣ ከሁለት የቆብ ቀዶ ሕክምና ዘዴዎች አንደኛው በዓመቱ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ የሚቀለበስባቸውን ሰዎች ቁጥር ከ22 በመቶ ወደ 13 በመቶ ዝቅ እንደሚያደርግ ታወቀ። ይህ ዕውቀት ዛሬ ለሌሎች አገሮችም ይጠቅማል። የጎጃም ገበሬ ለዓለም የዓይን ሕክምና ዕዳውን ከፍሏል፤ ያልተከፈለው የእርሱ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚረክሰው ሌንስ እንምጣ፤ ወደ ማንበቢያ መነጽር። ሰው አርባን ሲያልፍ የዓይኑ ሌንስ ይደርቃል፤ ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ማየት ይሳነዋል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ዕድሜ ነው፤ ለሁሉም ይደርሳል። በከተማ ያለን ሰዎች ወደ አንዱ መነጽር ቤት ጎራ ብለን፣ ፕላስ አንድ ወይም ፕላስ ሁለት ገዝተን ጋዜጣችንን እናነባለን። በገጠር ግን መርፌ መክተት ያቃታት እናት፣ ጠጠሩን ከጤፉ መለየት የተሳናት ሴት፣ ድሩን የማያይ ሸማኔ «አረጀሁ» ብለው ይቀመጣሉ። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ አገር፣ የቅኔ አገር ነው። ሊቁን «አራት ዓይና» ብሎ የሚያከብር ሕዝብ፣ የኔታ ብራናውን ማንበብ ሲሳናቸው ለሁለቱ ዓይኖቻቸው ሁለት ብርጭቆ ማቅረብ እንዴት ተሳነው? በሕንድ አሳም የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ከአርባ ዓመት በላይ ለሆኑ ሠራተኞች የቅርብ ማያ መነጽር ሲሰጣቸው የሚለቅሙት መጠን መነጽር ካልተሰጣቸው ይልቅ 22 በመቶ ያህል እንደጨመረ አሳይቷል። በ2024 የታተመ የባንግላዴሽ ጥናት ደግሞ መነጽር ያገኙቱ ገቢ ካላገኙት በ33 በመቶ ያህል መብለጡን አሳየ። ሻይ ለቃሚ በበርበሬ ለቃሚ ይተካና ሒሳቡን አንባቢ ይሥራው። የግብርና ምርታማነትን ስንለካ ማዳበሪያ እንቆጥራለን፤ ምርጥ ዘር እንቆጥራለን፤ ዓይን ግን አንቆጥርም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እንግዲያውስ ገጠሩ መነጽር ይበቃዋል፤ ሌዘሩ በከተማ ይቅር» ሊለኝ ይችላል። አይበቃውም! ምክንያቱን በአንድ ሰው ታሪክ ላስረዳ። በዚያው አገር የሚኖሩ አክስቴ በሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ወርዶባቸው በዘመቻ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ፋሻው በተፈታ ማግሥት የልጅ ልጆቻቸውን ፊት አይተው እልል ማለታቸውን ሰምተን እኛም በአዲስ አበባ እልል አልን። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን በስልክ «ልጄ፣ ያ የተገፈፈልኝ መጋረጃ ተመልሶ መጣ» አሉኝ። ወደ ሄዱበት የሕክምና ተቋም ቢመለሱ ዘመቻው አልፏል፤ የሚያያቸው አላገኙም። «ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረግ» ብለው ሁለት ክረምት ቤት ዋሉ። በመጨረሻ አዲስ አበባ አስመጣናቸው።

የገጠማቸው ነገር በዓይን ሕክምና እጅግ የታወቀ ነው። የሞራ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ሐኪሙ የደፈረሰውን የተፈጥሮ ሌንስ አውጥቶ፣ በነበረበት ስስ ከረጢት ውስጥ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስቀምጣል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በብዙ ሰዎች ላይ የከረጢቱ የኋላ ግድግዳ ይደፈርሳል። መፍትሔው ያግ የሚባለው ሌዘር ነው። በሽተኛው ስሊት ላምፕ ላይ አገጩን ያስደግፋል፤ የማደንዘዣ ጠብታ ይደረግለታል፤ ሐኪሙ በጥቂት የሌዘር ምት በደፈረሰው ግድግዳ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታል። ቢላዋ የለም፤ ስፌት የለም፤ መተኛት የለም። አክስቴ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ለዚያች ጥቂት ደቂቃ ወደ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተጓዙ፤ ሁለት ዓመትም በጨለማ ተቀመጡ። ከሁሉ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። እርሳቸው በሰው እጅ እየተመሩ ቤተ ክርስቲያን በሚሄዱባቸው በእነዚያ ሁለት ዓመታት፣ በዘመቻው ሪፖርት ላይ ግን ብርሃናቸው እንደተመለሰላቸው ተቆጥረው ነበር። በወረቀቱ ላይ ያያሉ፤ በዓይናቸው አያዩም።

የፖለቲካው ነገር እዚህ ላይ ነው። እኛ የዘመቻ አገር ነን። ለመሃይምነት ዘመቻ፣ ለችግኝ ዘመቻ፣ ለዓይን ሞራም ዘመቻ። ዘመቻ መጥፎ ነው አልልም፤ በአንድ ሳምንት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች መጋረጃቸው ሲገፈፍ ማየት ታላቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚያደርጉትንም ሐኪሞች እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ዘመቻ ይመጣል፤ ይሄዳል። ዓይን ግን በየቀኑ ዓይን ነው። ግላኮማ ያለበት ሰው ግፊቱ በየጊዜው ካልተለካ ሳያመው፣ ሳያውቀው ይታወራል፤ የጠፋው ብርሃንም በምንም አይመለስም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሬቲናው በየዓመቱ ካልታየ የደም ሥሮቹ ፈሰው ያየው የነበረው ዓለም በአንድ ማለዳ ሊጠፋበት ይችላል፤ በሌዘር በጊዜ ቢታከም ግን ለከፋ ዕውርነት የመጋለጡ ዕድል በግማሽና ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ይታወቃል። እነዚህን ሰዎች ዘመቻ አያድናቸውም። የሚያድናቸው ዓመቱን ሙሉ በሩ የሚከፈት ክፍል ነው።

ባለሥልጣን ግን የዘመቻን ያህል ክፍልን አይወድም። ማሽን ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ካሜራ ይመጣል። የስሊት ላምፑ አምፑል ሲቃጠል ግን ካሜራ አይመጣም፤ ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመና የ16 አገሮችን የሕክምና መሣሪያ መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ በድሆች አገሮች ሆስፒታሎች ካሉት መሣሪያዎች 38.3 በመቶው ከአገልግሎት ውጪ መሆናቸውን አሳይቷል። መሣሪያ ተገዛ ማለት ሕክምና ተገኘ ማለት አይደለም። የሚጠግነው ቴክኒሻን፣ መለዋወጫ የሚገዛበት በጀት፣ መብራት ሲቋረጥ የሚተካ ኃይልና የሚሠራበት ባለሙያ ከሌለ፣ የተመረቀው ማሽን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ይህን ያየ ሹም ሲጠየቅ ደግሞ «አላየሁም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ይላል። የሕዝቡን ዓይን ግንባር ያደረገው ማን እንደሆነ ግን አይነግረንም።

«ድሆች ነን፤ በዚያም ላይ ጦርነት አለ» የሚለውን መከራከሪያ አቃልዬ አላየውም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልሉን ያመሰው ጦርነት የጤና ተቋማትን እንደጎዳ፣ መንገዱንም ለበሽተኛና ለሐኪም አስቸጋሪ እንዳደረገ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ግን አገልግሎቱ ወደ ሰው እንዲቀርብ ይበልጥ ያስገድዳል። መንገድ ሲዘጋ የሚጎዳው ሕክምናው በመንገዱ ማዶ የሆነበት ሰው ነው። ስለ ድህነት ከሆነም ጎረቤታችንን እንመልከት። ኤርትራ ከሠላሳ ዓመት ጦርነት በወጣች ማግሥት፣ በ1990ዎቹ፣ የአውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ፍሬድ ሆሎውስ ሐሳብ ሆኖ ለሞራ ቀዶ ሕክምና የሚሆነው ሌንስ አስመራ ላይ ተመረተ። በሕንድ ማዱራይ ደግሞ ኦሮላብ እ.ኤ.አ. በ1992 ተቋቁሞ፣ ከውጭ ሲመጣ መቶ ዶላር ያህል ይጠይቅ የነበረውን ሌንስ ወደ 10 ዶላር ገደማ አወረደው። ሀብታም ሆነው አልጀመሩም። የጀመሩት ሌንስ የሕዝብ ዕቃ መሆን አለበት ብለው ነው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው፤ ሌንስና መሣሪያ በየደረጃው ቦታ ይሰጠው። በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የዕይታ መመርመሪያ ሰሌዳና የማንበቢያ መነጽር ትያዝ። እንደ ሽንዲ ባሉ የወረዳ ከተሞች የሙከራ ሌንስ ሣጥን፣ ሬቲኖስኮፕ፣ ኦፍታልሞስኮፕና ቶኖሜትር ከአንድ ቋሚ ባለሙያ ጋር ይኑሩ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪስቶችን ማሠልጠን ከጀመረ ቆይቷልና ባለሙያው ከሰማይ አይወርድም። በዞን ከተማ፣ በፍኖተ ሰላም ደረጃ፣ ስሊት ላምፕ፣ የሚተከለውን ሌንስ ቁጥር የሚለካ መሣሪያና ያግ ሌዘር ዓመቱን ሙሉ ይሥሩ። የሬቲናው ሌዘር በክልሉ ከተማ ይሁን፤ ነገር ግን ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል የሚልክ፣ ቀጠሮ የሚይዝና ተመልሶ የሚጠይቅ ሥርዓት ይኑረው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም መነጽርንና የሌዘር ሕክምናን በግልጽ ይሸፍን። ከሁሉ በፊት ግን ሪፖርቱ ይለወጥ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 አገሮች እስከ 2030 የሞራ ቀዶ ሕክምናን ውጤታማ ሽፋን በ30፣ የመነጽርን ደግሞ በ40 የመቶኛ ነጥብ ከፍ እንዲያደርጉ ሲወስን «ውጤታማ» የምትለዋን ቃል በከንቱ አላስገባትም። የሚቆጠረው የተቀደደው ዓይን ሳይሆን የሚያየው ዓይን ነው ማለቱ ነው። የጤና ቢሮዎቻችንም «ስንት ሰው ቀደዳችሁ?» መባላቸው ቀርቶ «ከዓመት በኋላ ስንቱ ያያል?» ተብለው ይጠየቁ።

እኛም የከተማና የውጭ አገር ልጆች የምንጠየቀው አለን። ብዙዎቻችን አሮጌ መነጽራችንን ሰብስበን ወደ አገር ቤት መላክ ጽድቅ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ግን ከተለገሱ 275 አሮጌ መነጽሮች ለሌላ ሰው ሊያገለግሉ የቻሉት 7 በመቶው ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል፤ መርጦ፣ ለክቶ፣ አጥቦ ማከፋፈሉም አዲስ ሠርቶ ከመስጠት ይበልጥ ያስከፍላል። የልማት ማኅበሮቻችን በዚያው ገንዘብ አንድ የሙከራ ሌንስ ሣጥን ገዝተው፣ የአምፑሉንና የጠጋኙን ወጪ ለአምስት ዓመት ቢሸፍኑ ለአንድ ወረዳ ዓይን ሰጡ ማለት ነው። ሪባን ለመቁረጥ የማይመች ስጦታ ነው፤ ይሠራል ግን።

የወንበርማ ገበሬ ግብሩን ሲከፍል፣ ለግድብ ቦንድ ሲገዛ፣ ለመንገድና ለትምህርት ቤት ሲያዋጣ «ሩቅ ነህ» ተብሎ አያውቅም። ለመውሰድ ያልራቀ መንግሥት ለመስጠት ሲሆን ሽንዲ እንዴት ይርቀዋል? ፓርላማ የላካችሁ ሰዎች፣ ምክር ቤት የተቀመጣችሁ ሰዎች፣ በሚቀጥለው የበጀት ወራት ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። መልሱን እኛ በትዕግሥት እንጠብቃለን፤ በጨለማ የተቀመጡት ግን ብዙ ጠብቀዋል።

ቸር ይግጠመን።